ሁለት ተፎካካሪ ባለትልቅ ስክሪን ስልኮችን ከመግዛትዎ በፊት የማወዳደሪያ መመሪያ

በሁለት ውድ ስልኮች መካከል የሚዋልል ሰው ብዙውን ጊዜ የሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ዘርግቶ የትኛው ብዙ ትልልቅ ቁጥር እንዳለው ይቆጥራል። ይህ አካሄድ ተራውን ስልክ ከምርጡ ለመለየት ይረዳል። እኩያ በሆኑ ስልኮች መካከል ግን ያሳስታል፤ እያንዳንዱ ኩባንያ ቁጥሩን የሚለካው ለራሱ በሚመች ሁኔታ ነው፤ ስልኮቹም ከካርቶን ሲወጡ የተስተካከሉበት መንገድ ይለያያል። ስለዚህ የሥራው ግማሽ ሁለቱን እኩል ሁኔታ ላይ ማስቀመጥ ነው። ይህ ከተደረገ ፈተናዎቹ ራሳቸው ቀላል ናቸው።

ለማሳያ የምንጠቀመው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ለገበያ የቀረበውን አይፎን 15 ፕሮ ማክስ እና በጥር 2024 የወጣውን ጋላክሲ ኤስ24 አልትራ ነው። ሁለቱም አሁን ባገለገለ ስልክ ገበያ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ፣ መለኪያዎቻቸውም በደንብ ይታወቃሉ። ሌላ ጥንድ ይዘው ከሆነ ቁጥሮቹን ይቀይሩ፤ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

1. መጀመሪያ አንዱን ሊጥሉ የሚችሉ ጥያቄዎች

ካሜራ ከማወዳደርዎ በፊት ከሁለቱ አንዱ ጭራሽ የማይሆንዎት መሆኑን ያጣሩ። እዚህ ላይ የሚወድቅ ስልክ ሌላው ነገሩ ምንም ያህል ቢያምር አይጠቅምም።

ሲም ካርድ። አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የተሠሩት አይፎኖች ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢ-ሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም፣ ብቻ ነው። ለሌላው ዓለም የሚሠራው 15 ፕሮ ማክስ በአብዛኛው አንድ ናኖ ሲምና ኢ-ሲም ይቀበላል። የኤስ24 አልትራ አቀራረብም እንደተሠራበት ገበያ ስለሚለያይ «ባለሁለት ሲም ነው» የሚል ቃል በቂ አይደለም። የሲም መሳቢያውን አስወጥተው በዓይንዎ ይዩ፤ ኢ-ሲም ከሆነም የኔትወርክ አገልግሎት ሰጪዎ ኢ-ሲም የሚሰጥ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ።

የሞዴል ቁጥር። አንድ ዓይነት ስም ያለው ስልክ ለተለያየ ገበያ ሲሠራ የሚይዛቸው የኔትወርክ ባንዶች (ኔትወርኩ የሚተላለፍባቸው የሬዲዮ ሞገድ ክልሎች) ይለያያሉ። በሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚገልጸው ገጽ ላይ ያለውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ይመዝግቡ፤ አምራቹ ለዚያ ቁጥር ያወጣውን የባንድ ዝርዝር አገልግሎት ሰጪዎ ከሚጠቀምባቸው ጋር ያመሳክሩ። አንድ ባንድ መጉደል ስልኩን ኔትወርክ አልባ አያደርገውም። ግን ያ ባንድ አገልግሎት ሰጪው ለቤት ውስጥ ሽፋን የሚጠቀምበት ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ከሆነ፣ ውጭ ላይ ሙሉ የሚያሳየው ስልክ ሳሎን ሲገቡ ይጠፋል።

ማከማቻ። ሁለቱም ተጨማሪ ሚሞሪ ካርድ አይቀበሉም፤ የገዙት መጠን የመጨረሻው ነው። አይፎን ላይ 4ኬ ቪዲዮ በሰከንድ 60 ምስል ሲቀረጽ በደቂቃ ወደ 400 ሜጋባይት ይበላል፤ በ30 ምስል ሲሆን 170 ገደማ ነው። አሁን በሚጠቀሙበት ስልክ ላይ የያዙትን መጠን አይተው፣ በዓመት ምን ያህል እንደሚጨምር ይገምቱና ስልኩን ሊያቆዩ ባሰቡት ዓመት ያባዙ። ሲስተሙ ራሱ የሚወስደው ድርሻም እንዳለ አይርሱ፤ 256 ጊጋባይት የሚል ስልክ ላይ ለእርስዎ የሚቀረው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው።

አብረውት ያሉ ዕቃዎች። አፕል ዎች ያለ አይፎን አይሠራም። ከጋላክሲ ዎች 4 ወዲህ ያሉት የሳምሰንግ ሰዓቶች ደግሞ ከአይፎን ጋር አይገናኙም። በአንዱ ሲስተም የገዟቸው መተግበሪያዎች ወደ ሌላው አይሻገሩም፣ እንደገና ይከፈልባቸዋል። ቤት ውስጥ የተከማቸ ሰዓትና የተገዛ መተግበሪያ ካለ የስልኩ ዋጋ ላይ ደምረው ያስቡት።

የማሻሻያ ዕድሜ። ሳምሰንግ ለኤስ24 አልትራ የ7 ዓመት የሲስተምና የደኅንነት ማሻሻያ ቃል ገብቷል። አፕል ለ15 ፕሮ ማክስ በጽሑፍ የሰጠው ዝቅተኛ ዋስትና ከመጀመሪያው ሽያጭ ቀን ጀምሮ 5 ዓመት ነው፤ በተግባር ከዚያ በላይ የመስጠት ልማድ አለው። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ቆጠራው የሚጀምረው ስልኩ ከወጣበት እንጂ እርስዎ ከገዙበት ቀን አለመሆኑ ነው። ሁለት ዓመት ያለፈው ስልክ ሲገዙ ሁለቱን ዓመት ቀንሱ ማለት ነው።

2. መጠኑን በእጅዎ ይለኩ

ትልቅ ስክሪን ሲባል ኢንቹ ብቻ ይነገራል። ኢንቹ ግን የሰያፍ ልክ ስለሆነ ስልኩ ረጅምና ጠባብ ወይስ አጭርና ሰፊ መሆኑን አይናገርም። የስክሪኑን ስፋት በሚሊሜትር ለማግኘት ኢንቹን በ25.4 ያባዙ፤ ከዚያ የርዝመቱና የስፋቱ ምጥጥን 19.5 ለ9 ከሆነ በ0.419፣ 20 ለ9 ከሆነ በ0.410 ያባዙት። ሁለት ስልኮች ሁለቱም 6.7 ኢንች ቢሆኑም የመጀመሪያው 71.3፣ ሁለተኛው 69.8 ሚሊሜትር ስፋት ይኖራቸዋል። በምሳሌያችን 6.8 ኢንቹ ኤስ24 አልትራ 113.5 ካሬ ሴንቲሜትር፣ 6.7 ኢንቹ አይፎን ደግሞ 110 ገደማ ስክሪን አላቸው። ልዩነቱ 3 በመቶ ነው፤ ቪዲዮ ሲያዩም ሆነ ሲያነቡ አይታወቅም። በስክሪን መጠን የተነሳ አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ምክንያት የለም ማለት ነው።

እጅ ላይ የሚታወቀው የስልኩ አካል ወርድ ነው። አይፎኑ 76.7፣ ሳምሰንጉ 79 ሚሊሜትር ነው። 2.3 ሚሊሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አውራ ጣትዎ የሚደርስበት ወሰን ላይ ሲሆን ፊደል መሳቱና አለመሳቱ እዚያ ላይ ነው። ክብደታቸው 221 እና 232 ግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የመጀመሪያው ጋላክሲ ኖት «ስልክ ነው ወይስ ሰሌዳ» ሲባልለት የነበረው በ5.3 ኢንች ስክሪንና በ83 ሚሊሜትር ወርዱ ሲሆን ክብደቱ 178 ግራም ብቻ ነበር። ስልኮቹ ከዚያ ወዲህ ጠበብ ብለው፣ ረዝመውና ከብደው መጥተዋል።

ስልኩን ማግኘት ካልቻሉ በልኩ ካርቶን ቆርጠው ሁለት ሦስት ንብርብር አድርገው ያጣብቁ፤ የጎደለውን ክብደት በሳንቲም ይሙሉና በኩሽና ሚዛን ያረጋግጡ። ቢያንስ ግማሽ ቀን ኪስዎ ይያዙት፤ ተቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ መኪና ውስጥ ገብተው ይሞክሩት። ስልኩ ካለ ደግሞ በአንድ እጅ ይያዙትና ከላይ ያለውን የማሳወቂያ መጋረጃ በአውራ ጣት ለማውረድ ይሞክሩ። ስልኩን መዳፍዎ ውስጥ ማንሸራተት ካስፈለገ የሚወድቅበት ቅጽበት ያ ነው። ፈተናውን ሊጠቀሙበት ባሰቡት ከቨር ያድርጉት፤ ከቨር ወርዱ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ይጨምራልና። የኤስ24 አልትራ ማዕዘኖች ሹል ስለሆኑ ትንሿ ጣት ከሥር ስትደግፍ ይወጋሉ። ይህ በአምስት ደቂቃ ሳይሆን በግማሽ ሰዓት የሚታወቅ ነገር ነው።

3. ስክሪን፦ መጀመሪያ ያመሳስሉ፣ ከዚያ ይዩ

እንዲሁ ጎን ለጎን አድርጎ «ይሄኛው ያምራል» ማለት ስክሪኖቹን ሳይሆን የፋብሪካ ሴቲንጋቸውን ማወዳደር ነው። ሱቅ ውስጥ ያሉ የማሳያ ስልኮች ደግሞ ብርሃናቸው እስከ ጥግ ተለቆ የተቀመጡ ናቸው። የሚከተሉትን ያስተካክሉ፦

- ኤስ24 አልትራ ከካርቶን ሲወጣ የስክሪን ጥራቱ 1080 በ2340 ላይ ነው የተቀመጠው። በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው 1440 በ3120 የሚገኘው በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ሲመርጡት ብቻ ነው።
- ሳምሰንጉ ላይ የቀለም አማራጩን ወደ ተፈጥሯዊው ይቀይሩ። አይፎኑ ላይ ቀለሙን ከክፍሉ ብርሃን ጋር የሚያስማማውን ትሩ ቶን፣ ሳምሰንጉ ላይም ተመሳሳዩን ያጥፉ።
- በሁለቱም የማታ ማቅለሚያውንና የባትሪ ቆጣቢውን ያጥፉ። ባትሪ ቆጣቢ ሲበራ የስክሪኑ የመታደስ ፍጥነት ከ120 ወደ 60 ኸርዝ ይወርዳል፤ ያኔ «ይሄኛው ሲንሸራተት ይጎተታል» ብለው በሐሰት ይፈርዱበታል።
- ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ነጭ ገጽ ይክፈቱና በሦስተኛ ስልክ በአንድ ፎቶ አብረው እያነሱ ነጩ እኩል እስኪመስል ብርሃናቸውን ያስተካክሉ። በተንሸራታቹ ላይ ሁለቱንም «ግማሽ» ማድረግ እኩል ብርሃን አይሰጥም።

አሁን አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ አንድ ዓይነት የሰው ፊት ፎቶና ጨለማ የሚበዛበት የፊልም ትዕይንት በሁለቱ ላይ ይዩ። የፊት ቀለም ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላው የትኛው ነው? የጨለማው ትዕይንት ዝርዝሮች በጥቁር የተዋጡትስ? የነጥብ ጥግግቱ አይፎን 460፣ ሳምሰንግ 505 በኢንች ነው። በተለመደው የንባብ ርቀት ይህን ልዩነት የሚያይ ዓይን ብርቅ ነው፤ ጊዜዎን አያባክኑበት።

የፀሐይ ብርሃን ፈተና ግን የግድ ነው። አምራቾቹ ውጭ ላይ እስከ 2000 ኒት (አይፎን) እና እስከ 2600 ኒት (ሳምሰንግ) ይላሉ፤ ኒት የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው። ይህ ጣሪያ የሚደረሰው አውቶማቲክ ብርሃን ሲበራ፣ ስልኩ ካልጋለ፣ ለአጭር ጊዜ ነው። ዓይናችን ደግሞ የብርሃንን ዕድገት በቀጥታ ስለማይቆጥር 30 በመቶ ብልጫ ጥቂት ብቻ ይታያል። ከኒቱ ይልቅ ዋጋ ያለው ነጸብራቁ ነው። ሁለቱን ስክሪኖች አጥፍተው ከአንድ አምፖል ሥር ጎን ለጎን ያዘንብሏቸው፤ በአይፎኑ መስታወት ላይ አምፖሉ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ሲታይ ኤስ24 አልትራ ላይ ደብዘዝ ብሎ ጠቆር ያለ ሆኖ ይታያል። የመስታወቱ አምራች ኮርኒንግ ይህ ጎሪላ አርመር የተባለው መስታወት ነጸብራቅን እስከ 75 በመቶ ይቀንሳል ይላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ተራ ስክሪን ፕሮቴክተር ከለጠፉበት ነጸብራቁ የሚፈጠረው ከላይ በተለጠፈው ፕላስቲክ ወይም መስታወት ላይ ስለሆነ የከፈሉበት ጥቅም በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ፕሮቴክተር የግድ ካልዎት ይህን ነጥብ ከውድድሩ ያውጡት፣ ወይም ፀረ-ነጸብራቅ የሆነውን ይፈልጉ።

ዓይናቸው ቶሎ የሚደክም ወይም ራሳቸውን የሚያማቸው ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ያድርጉ። አብዛኞቹ ኦሌድ ስክሪኖች (እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን የሚያወጣባቸው፣ የሁለቱም ስልኮች ዓይነት) ብርሃናቸው ሲቀንስ በፍጥነት እየበሩና እየጠፉ ነው የሚደበዝዙት። ጨለማ ክፍል ውስጥ ብርሃኑን ዝቅ አድርገው በእያንዳንዱ ላይ 15 ደቂቃ ያንብቡ፤ በሁለቱ መካከልም በቂ እረፍት ይውሰዱ። ይህን በቁጥር የሚተካ ነገር የለም፣ ሰው ከሰው ይለያያል።

4. ካሜራ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም እናድርገው።

200 ሜጋፒክሰል ከ48 ይበልጣል ብሎ መነሳት አያዋጣም። ኤስ24 አልትራ በተለመደው አሠራሩ 16 ነጥቦችን ወደ አንድ እየጠቀለለ 12 ሜጋፒክሰል ገደማ ፎቶ ይሰጣል። አይፎኑ ከካርቶን ሲወጣ የተስተካከለው 24 ላይ ነው። እንግዲህ «ሙሉውን» ካልመረጡ በቀር ከሳምሰንጉ የሚወጣው ፎቶ በነጥብ ብዛት ያነሰ ነው። ሙሉው ደግሞ ብርሃን በሞላበትና ምንም በማይንቀሳቀስበት ቦታ ካልሆነ ብዙም አይጠቅምም፣ ማከማቻውንም ይሞላል።

ከመጀመርዎ በፊት ሌንሶቹን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ቀልድ አይደለም፤ ብዙ እጅ የነካው የማሳያ ስልክ ሌንሱ ላይ ቅባት አለበት፣ ቅባቱም መብራቶችን ይበትናቸዋል፣ ፎቶውንም ጭጋግ ያለብሰዋል። «የዚህ ስልክ የማታ ፎቶ ደካማ ነው» ከተባለባቸው ጊዜያት አንዳንዶቹ የጣት አሻራ ውጤት ናቸው።

ከዚያ አንድ ቦታ ቆመው፣ አንዱን አንስተው ወዲያው ሌላውን እያነሱ እነዚህን ይቅረጹ፦ መስኮትን ከጀርባው አድርጎ የቆመ ሰው፤ ማታ በአንድ አምፖል የሚታይ ክፍል፤ እጁን የሚያወዛውዝ ሰው፤ ቅርብ የተያዘ የታተመ ጽሑፍ፤ ሩቅ ያለ ምልክት። እያንዳንዱን ቢያንስ አምስት ጊዜ ያንሱ። የሚቆጥሩት ከአምስቱ ምርጡን ሳይሆን ስንቱ እንደተበላሸ ነው። ልጅ ወይም እንስሳ የሚያነሳ ሰው የሚያስፈልገው ከአምስት አራቱን ጥርት አድርጎ የሚይዝ ስልክ እንጂ አንዱን አስደናቂ አድርጎ አራቱን የሚያደበዝዝ አይደለም።

የማጉያ ካሜራውን ለመፈተን አንድ ዘዴ አለ። ብዙ ስልኮች ብርሃን ሲያንስ ወይም ዕቃው ሲቀርብ፣ እርስዎ «5 እጥፍ» ቢጫኑም የማጉያውን ሌንስ አይጠቀሙም፤ የዋናውን ካሜራ ምስል መሃሉን ቆርጠው ያጎሉታል። ይህን ለማወቅ 5 እጥፍ ይምረጡና በጀርባ በኩል ሌንሶቹን አንድ በአንድ በጣትዎ ይሸፍኑ። ስክሪኑ የጨለመው የማጉያውን ሌንስ ሲሸፍኑ ከሆነ እየሠራ ያለው እሱ ነው። ዋናውን ሲሸፍኑ ከጨለመ ቁጥሩ 5 ቢልም የሚያዩት ቁራጭ ነው። ፈተናውን ቀን ላይ ውጭ፣ ከዚያ ማታ ቤት ውስጥ፣ ከዚያም አንድ ሜትር ርቀት ላይ ባለ ዕቃ ይድገሙት፤ በየትኛው ሁኔታ የትኛው ስልክ እንደሚቀይር ይመዝግቡ።

በሁለቱ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ያለውም እዚህ ነው። አይፎኑ ያለው ባለ5 እጥፍ ባለ12 ሜጋፒክሰል ማጉያ ብቻ ሲሆን ከ1 በላይ ከ5 በታች ያለውን ሁሉ ከዋናው ይቆርጣል። ሳምሰንጉ የ3 እጥፍ ባለ10 ሜጋፒክሰል እና የ5 እጥፍ ባለ50 ሜጋፒክሰል ሁለት ማጉያዎች አሉት። የሰው ፊት በ3 እጥፍ የሚያነሳ ሰው ይህን ልዩነት ያየዋል፤ ከ5 በላይ እስከ 10 እጥፍ ድረስም የሳምሰንጉ 50 ሜጋፒክሰል ለመቁረጥ ሰፊ ቦታ ይሰጠዋል። ዕለት ተዕለት በ1 እጥፍ ምግብና ደረሰኝ የሚያነሳ ሰው ግን ይህን ሁሉ አይነካውም።

ለቪዲዮ ሁለቱንም 4ኬ፣ በሰከንድ 60 ምስል ላይ አድርገው 20 እርምጃ እየሄዱ ይቅረጹ፤ ሳያቋርጡ ከ1 ወደ 5 እጥፍ ይሻገሩ። ሌንሱ ሲቀየር ቀለሙ ይዘላል ወይ? ትኩረቱ ጠፍቶ እስኪመለስ ስንት ጊዜ ይወስዳል? እያወሩ ይቅረጹ፤ ነፋስ ባለበት ድምፅዎ ይሰማል ወይ?

ውጤቱን በየስልኩ ላይ አይፍረዱ። ሁለቱም የራሳቸውን ፎቶ ብሩህ ክፍሎች በራሳቸው ስክሪን ላይ አጉልተው ያሳያሉ፤ ያ ፎቶ ሌላ ሰው ጋ ሲደርስ ሌላ ነው። ፋይሎቹን በኬብል ወይም እንደ ፋይል ልከው በአንድ ሦስተኛ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ይዩ። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ከላኳቸው ሁለቱም ተጨምቀው ስለሚደርሱ የሚያወዳድሩት የመተግበሪያውን መጭመቂያ ይሆናል።

5. ባትሪና ቻርጅ

ሳምሰንጉ 5000፣ አይፎኑ 4400 ገደማ ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው። ሲስተማቸውና ቺፓቸው ስለሚለያይ ይህን ቁጥር አንድ ሲስተም ባላቸው ስልኮች መካከል እንጂ በሁለቱ መካከል አይጠቀሙበት። ራምም እንዲሁ ነው፦ የሳምሰንጉ 12 እና የአይፎኑ 8 ጊጋባይት በቀጥታ አይነጻጸሩም።

የባትሪ ፈተና በማሳያ ስልክ አይሠራም፤ ቀኑን ሙሉ ቻርጅ ላይ ነውና። ከሚያውቁት ሰው በመዋስ ወይም ከገዙ በኋላ መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ያድርጉት። አዲስ ስልክ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፎቶዎችን ሲያደራጅና መተግበሪያዎችን ሲጭን ባትሪ ስለሚበላ ፈተናውን ከሦስት አራት ቀን በኋላ ይጀምሩ። ከ100 ሳይሆን ከ90 በመቶ ይነሱ፤ ብዙ ስልኮች 100 ላይ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያሉና። በደረጃ 3 እንዳደረግነው ብርሃናቸውን ያመሳስሉ፤ አንድ ዋይፋይ፣ ከተቻለም የአንድ አገልግሎት ሰጪ ሲም ይጠቀሙ። ከዚያ አንድ ሰዓት ቪዲዮ፣ ግማሽ ሰዓት ካርታ፣ ግማሽ ሰዓት ካሜራ ያድርጉና ስንት በመቶ እንደወረደ ይጻፉ። ከሁለት ሰዓት ያነሰ ፈተና በመቶኛው መጠጋጋት ምክንያት ብዙም አይታመንም።

ቻርጅ ላይ «45 ዋት» የሚለው ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ የሚደረስበት ጣሪያ ነው። ሳምሰንግ በ45 ዋት ቻርጀር በ30 ደቂቃ እስከ 65 በመቶ ይላል፤ ይህ የሚሆነው ቻርጀሩ ፒፒኤስ የሚባለውን የቮልቴጅ ማስተካከያ የሚደግፍና ገመዱ 5 አምፒር የሚችል ሲሆን ነው። ገመዱ ተራ ባለ3 አምፒር ከሆነ ቻርጀሩ የፈለገውን ያህል ትልቅ ቢሆን ወደ 25 ዋት ይወርዳል። ሁለቱም ስልኮች ከቻርጀር ጋር አይመጡም፣ ዋጋውን ደምሩ። ዩኤስቢ-ሲ መሆናቸውም ገመዶቹን እኩል አያደርጋቸውም፦ 15 ፕሮ ማክስ እስከ 10 ጊጋቢት በሰከንድ ማስተላለፍ ይችላል፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ገመድ ግን የዩኤስቢ 2 ስለሆነ ከ480 ሜጋቢት አያልፍም። ረጃጅም ቪዲዮ ወደ ኮምፒውተር የሚያሻግር ሰው ሌላ ገመድ ይግዛ።

6. ፍጥነትና ሙቀት

ሁለቱም ለዕለት ተዕለት ሥራ ከበቂ በላይ ፈጣን ናቸው። ጨዋታ የሚጫወቱ ወይም ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ከሆነ የሚለካው ፍጥነቱን ስንት ደቂቃ ይዞ መቆየቱ ነው። 3ዲማርክ በሚባለው መተግበሪያ ውስጥ ያለውን የዋይልድ ላይፍ ኤክስትሪም የጽናት ፈተና ያስኪዱ፤ አንድ ዙር አንድ ደቂቃ የሆነ 20 ዙር አለው። የመጀመሪያውን ዙር ነጥብ ሳይሆን የመጨረሻዎቹን ይዩ። ከቨሩን ያውልቁ፣ ቻርጅ ላይ አያድርጉት፣ ሁለቱንም በአንድ ክፍል ይፈትኑ።

ከዚህ በፊት ሁለቱም ወደ መጨረሻው ማሻሻያ መድረሳቸውን ያረጋግጡ። አይፎን 15 ፕሮዎች ሲወጡ ከመጠን በላይ ይግላሉ የሚል ቅሬታ ተነሥቶ አፕል ከፊሉን ችግር በጥቅምት 2023 መጀመሪያ ላይ በ17.0.3 ማሻሻያ አስተካክሎታል። በወቅቱ የተሠሩ ፈተናዎችን ዛሬ እያነበቡ የሚወስኑ ሰዎች አሉ።

7. ትንንሽ የሚመስሉ

አንድ የድምፅ ጥሪ ጫጫታ ባለበት ያድርጉና ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው ይጠይቁ። የመክፈቻውን ነገርም ይሞክሩ፦ አይፎኑ በፊት ብቻ፣ ሳምሰንጉ ከስክሪኑ ሥር ባለ የአልትራሳውንድ አሻራ አንባቢም ይከፈታል። ወፍራም የመስታወት ፕሮቴክተር አሻራ አንባቢውን ያደነቁረዋል፤ ለዚያ ሞዴል የተሠራውን ለጥፈው አሻራዎን እንደገና ይመዝግቡ። ከሳምሰንጉ ጋር የሚመጣው የስክሪን ብዕር የሚያስፈልግዎት ከሆነ ውድድሩ እዚህ ያልቃል፤ አይፎኑ ብዕር የለውም።

ውኃን በተመለከተ ሁለቱም አይፒ68 የተባለው የአቧራና የውኃ መከላከያ ደረጃ አላቸው፤ አፕል እስከ 6 ሜትር፣ ሳምሰንግ እስከ 1.5 ሜትር ለ30 ደቂቃ ብለው ነው የሚገልጹት። በላብራቶሪ፣ በንጹሕ ውኃ፣ በአዲስ ስልክ ላይ የተሠራ ልኬት ነው። አንዴ ተከፍቶ የተጠገነ ስልክ ላይ አይታመኑበት።

8. የመረጡትን ስልክ ራሱን ይመርምሩ

ሞዴል መርጠው ሲጨርሱ ቀጥሎ የሚመረመረው እጅዎ ላይ ያለው ስልክ ነው። ያገለገለ ከሆነ ይህ ክፍል ከላይ ካለው ሁሉ ይበልጥ ገንዘብዎን ያድናል።

*#06# ይደውሉ። የሚወጣው ባለ15 አኃዝ አይኤምኢአይ ቁጥር (የእያንዳንዱ ስልክ የራሱ መለያ) በሴቲንግ ውስጥ ካለውና ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። አይፎን ላይ በሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ገጽ የሞዴል ቁጥሩን የመጀመሪያ ፊደል ይዩ፦ ኤም ከሆነ አዲስ ተሽጦ የነበረ፣ ኤፍ ከሆነ በአፕል ታድሶ የተሸጠ፣ ኤን ከሆነ በተበላሸ ምትክ የተሰጠ ነው። ኤፍ መሆኑ ጥፋት አይደለም፤ «አዲስ ነው» ተብሎ ከተሸጠልዎት ግን ነው። እዚያው ገጽ ላይ ስልኩን በአንድ ኔትወርክ ብቻ የሚያሠራ የአገልግሎት ሰጪ ቁልፍ እንደሌለበትና ስክሪን፣ ባትሪ ወይም ካሜራ ተቀይሮ ከሆነ «ያልታወቀ አካል» የሚል ማስታወቂያ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። 15ቶቹ የባትሪ ቻርጅ ዑደትንም ያሳያሉ። አፕል ባትሪያቸው በ1000 ዑደት 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ ነው የሠራው፤ ስለዚህ 300 ዑደት ላይ አቅሙ ብዙ የወረደ ስልክ ሲያጋጥም ምክንያቱን ይጠይቁ።

ሳምሰንግ ላይ *#0*# ሲደውሉ የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ሞልተው ይዩ። የተቃጠለ ኦሌድ ላይ የቁልፍ ሰሌዳ ወይም ከላይ ያለው የሰዓት ቦታ ጥላ ሆኖ ይታያል፤ በተለይ ግራጫ ፎቶ ሙሉ ስክሪን ሲከፍቱ ይጋለጣል። የንክኪ ፈተናውን ከፍተው ዳር ዳሩን ሙሉ በጣት ያስኪዱ፣ ብዕሩንም እንዲሁ። ከዚያ ሴኪዩር ፎልደርን (የሳምሰንግን የተቆለፈ የግል ማኅደር) ለመክፈት ይሞክሩ፤ «አይቻልም» ካለ ሲስተሙ ተነካክቶ ሊሆን ስለሚችል የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎችም ሊያስቸግሩ ይችላሉ።

በመጨረሻ ሻጩ እዚያው ፊትዎ መለያውን ከስልኩ ያውጣ፣ ስልኩንም ሙሉ በሙሉ ያጽዳው። ከጸዳ በኋላ ከዋይፋይ አገናኝተው የመጀመሪያውን ማዋቀሪያ እስከ መጨረሻው ይሂዱ። መሃል ላይ የቀድሞ ባለቤቱን የጉግል ወይም የአፕል መለያ ከጠየቀ ስልኩ አሁንም የሌላ ሰው ነው፤ «ኋላ እልክልሃለሁ» የሚል ቃል ሳይቀበሉ ይመልሱለት። ካልጠየቀ ሲምዎን አስገብተው ደውለው ይነጋገሩ፣ ሁለተኛውንም ሲም ይሞክሩ፣ ኢንተርኔቱን ያለ ዋይፋይ ይክፈቱ። ደረሰኙ ላይ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩና አይኤምኢአዩ ካልተጻፈ ከመክፈልዎ በፊት ያጽፉ።